ካርቦን

አባቴ ይመር አቤቱታ ጸሐፊ ነበረ፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሠላሳ ዓመት የኖረ።
ዣንጥላው ከላዩ፣ ታይፑ ከጉልበቱ፣
በካርቦን ቀለም ሰማያዊ ነበር ጣቱ።
«አንዱ ለባለጉዳይ፣ አንዱ ለኔ» ይል ነበር፤
«ሰው ይክዳል፣ ዶሴ ይጠፋል ከመዝገብ ቤት፣
ቅጂ ያለው ግን ተኝቶ ያድራል በኩራት።»

ሲሞት አራት ሣጥን ተወልን።
አራት ሣጥን የሰው እሮሮ፣ በስስ ወረቀት ላይ፦
የበሬ ክስ፣ የድንበር ክስ፣ የቀለብ፣ የጣራ ፍሳሽ፣
አንዲት የገራዶ ሴት ሦስቴ ይግባኝ ያለችባት ዶሮ።

ያን ጥቅምት በር ቆልፈን ወጣን።
ስንመለስ በሩ የለም፣ ሣጥኖቹ ግን እዚያው ናቸው፤
ወረቀት ማን ይዘርፋል?

ከዚያ በኋላ ነው ስካነር የገዛሁት። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ፣
ጦሳ ጉሙን ሲያወርደው ጣቴ እየደነዘዘብኝ።
ሁለት ሰርቨርም ገዛን፣ የጫማ ካርቶን የሚያክሉ፤
አንዱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ እኔ ቁም ሣጥን ላይ፣
አንዱ ኮምቦልቻ፣ ወንድሜ ሙሄ ሳሎን፣
ሙቀቱ እንዳይገድለው ቬንትሌተር ተደቅኖለት፣
ልጆቹ እየተነጫነጩ፦ «ለኛስ?»

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ መብራት ሁለታችንም ጋ ካለ
(ካለ ነው ያልኩት)
አረንጓዴዋ ነጥብ መርገብገብ ትጀምራለች።
የጭነት መኪና ሐረጎን በፍሬን እየጮኸ ሲወርድ፣
የአባቴ ፊደላትም ይወርዳሉ፣ ያለ ፍሬን፣ ያለ ጩኸት፣
ቦርከና ማዶ ይገባሉ።
ጠዋት ስልኬ ላይ፦ «ልዩነት የለም።»
ከሙሄ ጋር አርባ ዓመት ስንኖር
እንዲህ የተባልነው በዚህ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ቁጥሩ ቀነሰ።
አንድ ፋይል። አንድ ብቻ።
«ከሳሽ፦ ይመር። ተከሳሽ፦ ወንድሜ አሊጋዝ።
የክሱ ምክንያት፦ የጋራ ግድግዳ።»
ሙሄ ነው ያጠፋው። የኔው ሣጥን ደግሞ ታዛዥ ነው፤
ሰዓቱን ጠብቆ፣ እዚያ የጠፋውን እዚህም አጠፋና
«ልዩነት የለም» ብሎኝ አደረ።

ባክአፕ መስሎን ለካ መስታወት ነው የሰቀልነው፤
ዞር ስትል አብሮህ የሚዞር።

ደውዬ ጮህኩበት። አስጨረሰኝ።
«የአሊጋዝ ልጅ ጦይባ መጥታ አየችው» አለ፣
«አለቀሰች። አባቷን ተከሳሽ ብሎ ሲጠራው።»
«ወረቀቱስ?»
«ሰጠኋት። ድልድዩ ላይ ቆማ በተነችው።»

ሰርቨሩን አስተካከልኩ፦ የጠፋ ነገር
ሠላሳ ቀን ይቆይ፣ ሁለታችንም ካልፈቀድን አይሂድ።
ሙሄ ሳቀ። «የሽማግሌ ጉባኤ አደረግሽው።»

በኋላ አራተኛውን ሣጥን ገለበጥኩ።
ከሥሩ ያረጁ ካርቦኖች፤ ቆጣቢ ነበር አባቴ፣
አንዷን እስክትነጣ ድረስ ነው የሚመታባት፣
ፊደል በፊደል ላይ፣ ከሳሽ በተከሳሽ ላይ፣
ምንም እስከማይነበብባት።
አንዷ ግን አንዴ ብቻ የተመታች ነች።
ወደ መስኮቱ አነሳኋት፤ ብርሃኑ በየፊደሉ ሾለከ፦
ወንድሜ አሊጋዝ።

ያቺን ካርቦን ለምን ዳግመኛ አልተጠቀመባትም?
የምጠይቀው የለም።
ስካን አላደረግኳትም። ለሙሄም አልነገርኩት።
አጥፌ ከሰርቨሩ ሥር፣ ሙቀቱ ከማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኳት።

ዛሬም ጠዋት ስልኬ «ልዩነት የለም» አለ።
አለ።